ጭድን በዩሪያ እንዴት ማከም ይቻላል?

ጭድ ብቻ የሚበላ ከብት ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። የሚያመሰኩ እንስሳት በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው አሰሩን የሚሰባብሩላቸው፤ ተሕዋስያኑ ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። የመኖው ድፍድፍ ፕሮቲን (ከናይትሮጅኑ መጠን ተነሥቶ የሚሰላው ጠቅላላ ፕሮቲን) ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፣ ጭዱ ጨጓራ ውስጥ ይከርማል፣ እንስሳውም አፉን ከመኖው ይመልሳል። የስንዴ፣ የገብስ ወይም የሩዝ ጭድ ውስጥ የሚገኘው ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነው።

በዩሪያ ማከም ማለት ጭዱን በዩሪያ ብጥብጥ አርሶ ጉድጓድ ውስጥ አየር እንዳይገባው ዘግቶ ለሳምንታት ማቆየት ነው። ይህም ሁለት ነገር ያደርጋል። ጭዱ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪኤዝ በሚባለው ኢንዛይም ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያው ሊግኒንን (ተክሉን የሚያጠነክረውን እንጨታማ ነገር) ከቀረው የአሰር ክፍል ጋር ያጣበቀውን ማሰሪያ ያላላል፤ ከፊሉም ጭዱ ላይ ቀርቶ ለተሕዋስያኑ ናይትሮጅን ይሆናል።

ልኩ

ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያና 80 ሊትር ውሃ። ጭዱን በግምት ሳይሆን በሚዛን ይመዝኑ። ዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ተራ የማዳበሪያ ዩሪያ ይሁን፤ ፎስፈረስ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ማዳበሪያ አይተካውም።

ብዙዎች ዩሪያ በጨመሩ ቁጥር መኖው የሚሻሻል ይመስላቸዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ 2.3 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ይህ በ6.25 ሲባዛ ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ ድፍድፍ ፕሮቲን ይሆናል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ጭዱ ሲናፈስ ከግማሽ በላዩ አየር ላይ ይበናል። ሲሶው እንኳ ቢቀር የጭዱ ፕሮቲን ወደ 8 በመቶ ይደርሳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረው ገንዘብ ማባከን፣ ሲብስም እንስሳ መመረዝ ነው።

ቦታው

አንድ ሜትር ኩብ ጉድጓድ ተቆራርጦ በደንብ የተረገጠ ጭድ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይይዛል። ከ240 እስከ 300 ኪሎ ለሚሆን ጭድ ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1.5፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ቢሆን ይበቃል። የዝናብ ውሃ የማይገባበት ቦታ ይምረጡ፤ ከሥርና ከጎን ላስቲክ ያንጥፉ። በላስቲክ ላይ አይቆጥቡ። ተቀዶ የተጣፈ ላስቲክ አሞኒያ አይዝም፤ ወፍራምና አዲስ ከሆነ ግን በጥንቃቄ ተይዞ ለሚቀጥለው ዙርም ያገለግላል።

ውሃው እኩል መድረስ አለበት

የሚበላሸው አብዛኛው ጭድ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ውሃ ያልደረሰው ጭድ ውስጥ ኢንዛይሙ አይሠራም፤ ዩሪያው ዩሪያ እንደሆነ ይቀራል። የበዛ ውሃ ደግሞ ዩሪያውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይኛው ጭድ ባዶውን ቀርቶ ይሻግታል፣ ታችኛው ይበሰብሳል።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ በርሜል በጥብጦ ጉድጓዱ ላይ ከመድፋት ይልቅ በየንጣፉ ይሥሩ። 20 ኪሎ ጭድ ያንጥፉ፣ 1 ኪሎ ዩሪያ በ16 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ። የተጓጎለ ዩሪያ ካለ አስቀድመው ያድቅቁት፤ ዩሪያ ሲሟሟ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው በቀዝቃዛ ውሃ ጊዜ ይወስዳል። ባልዲው ሥር ፍሬ እስኪጠፋ ያማስሉ። ያልሟሟ ፍሬ ያረፈበት ጭድ የደረሰው እንስሳ ሊመረዝ ይችላል።

ግማሹን በአትክልት ማጠጫ ይርጩ፣ ጭዱን በመንሽ ይገልብጡ፣ የቀረውን ይርጩ። ከዚያ ጭብጥ አድርገው ይጭመቁት፦ መዳፍዎ ከረጠበና ምንም ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ውሃ ወደ ታች ማዝገሙ ስለማይቀር የታችኞቹን ሁለት ንጣፎች በ12 ሊትር፣ የላይኞቹን ሁለት በ20 ሊትር መሥራት ይሻላል፤ ዩሪያው ግን ሳይቀየር 1 ኪሎ ይሆናል።

ንጣፉን ሁሉ፣ በተለይ ጥግ ጥጉን፣ ይርገጡ። የቀረ አየር ሻጋታን ይመግባል። ጭዱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ መርገጡ ይቀላል፤ ረጅምና ጠንካራ የበቆሎ አገዳ ከሆነ ሳይቆረጥ አይሞከርም።

መዝጋት

ጉድጓዱን ከአፉ በላይ ጎብጦ እስኪታይ ይሙሉት፣ ላስቲኩን አጥፈው ይሸፍኑ፣ ጠርዙን ዙሪያውን አፈር ይጫኑበት። በማግሥቱ አካባቢው ላይ የአሞኒያ ሽታ ካለ ቀዳዳ አለ፤ ፈልገው ይድፈኑት።

ሞቃት በሆነ ቦታ 3 ሳምንት ይበቃል። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ከሆነ 4 ወይም 5 ሳምንት ይጠብቁ። መሐል ላይ ለማየት ብሎ መክፈት አሞኒያውን መልቀቅ ነው።

ሲከፈት

ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ከአንድ ጎን ብቻ ይክፈቱ፤ ጉድጓዱ ላይ አያጎንብሱ። በደንብ የታከመ ጭድ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቢጫ ወይም ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ሽታ ከሌለው ወይ አሞኒያው አምልጧል ወይ ዩሪያው አልተለወጠም። ደረቅና ሽታ የለሽ ከሆነ ሁለተኛውን ይጠርጥሩና ለእንስሳ አይስጡ። የሻገተውንና የበሰበሰውን ያስወግዱ።

ለነገ የሚበቃውን ዛሬ ማታ አውጥተው በስሱ ዘርግተው ያሳድሩት፤ የቀረውን መልሰው ይሸፍኑ።

አመጋገብ

መጀመሪያ ከጠቅላላው ጭድ ሩቡን ብቻ የታከመ አድርገው፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በመጀመሪያው ቀን እንስሳው አሽትቶ ቢተወው አይደንግጡ፤ ይለምደዋል። ናይትሮጅን ያለ ኃይል ሰጪ መኖ ዋጋ የለውም፤ ፉርሽካ ወይም ሞላሰስ፣ ጥቂት አረንጓዴ መኖ፣ የማዕድን ጨውና ሁልጊዜ የሚጠጣ ውሃ ይኑር።

ከ6 ወር በታች ለሆነ ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለአህያና ለበቅሎ አይሰጥም። ጥሩ ድርቆሽንም በዚህ መንገድ አያክሙ፦ ስኳሩ ከአሞኒያ ጋር፣ በተለይ ሙቀት ሲኖር፣ ነርቭ የሚነካ ውህድ ይፈጥራል። የበላው ከብት በድንገት ይሮጣል፣ ይሽከረከራል፣ ይንቀጠቀጣል፤ መርዙ በወተት በኩል ጥጃም ላይ ይደርሳል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ከታከመው ጭድ ይልቅ ባልዲ ውስጥ የተረሳው ብጥብጥ ነው። የጠጣው ከብት በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል። የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይጥሩ። እስኪደርስ ድረስ ከብቱ ቆሞ መዋጥ ከቻለ ከ2 እስከ 6 ሊትር አቼቶ ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀስ አድርገው ያጠጡ። ከወደቀ ወይም ከተንፈራገጠ በአፉ ምንም አይጨምሩ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል።