«ሙድ ኢንዲጎ»ን ጀምራችሁ እንዳትዘጉት

ይሄን የሚሼል ጎንድሪ የ2013 የፈረንሳይ ፊልም ያየ ሰው ወይ በፍቅሩ ያብዳል፣ ወይ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋዋል። እንዳትዘጉት። መጀመሪያ ላይ ሲጫወቱበት መጠጥ የሚቀምም ፒያኖ ስታዩ «ምን ማለት ነው?» እያላችሁ አትጨነቁ፣ ዝም ብላችሁ ተደሰቱበት። የዋናው ገጸ ባሕርይ ሚስት ክሎዬ ሳንባዋ ውስጥ የውሃ አበባ ሲበቅልባት ግን ዓይናችሁን ከሚኖሩበት ቤት ላይ አትንቀሉ፤ ክፍሉ እየጠበበ፣ መስኮቱ እየቆሸሸ፣ ቀለሙም እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ሐዘኑን የሚናገረው ቤቱ ነው! ብዙ ሰው «አልነካኝም» የሚለው ይሄን ልብ ስላላለ ይመስለኛል። ደግሞ ሁለት ቅጂ አለው። ከሁለት ሰዓት የሚበልጠውን ፈልጉ፣ ለውጭ ተመልካች ያሳጠሩት ያጣድፋል። ከቻላችሁ ከሰው ጋር እዩትና እንዳለቀ ተጨዋወቱበት።