ብዙ እንቅስቃሴን በአንድ ትሬድ ማስኬድ፦ በጃቫስክሪፕት እንዴት እንደሚሰራ

በድረ ገጽ ላይ ኳስ እየተንከባለለ ደመናም አብሮ እንዲንሳፈፍ ፈለጋችሁ እንበል። ጃቫስክሪፕት የገጹን ኮድ የሚያስኬደው በአንድ ትሬድ፣ ማለትም ትእዛዞች ተራ በተራ በሚፈጸሙበት አንድ መስመር ነው፤ ኳሱን የሚያንከባልለው ፋንክሽን ሳይጨርስ ደመናውን የሚያንሳፍፈው አይጀምርም። ይባስ ብሎ ብራውዘሩ ስክሪኑን የሚያድሰው ኮዱ ሲለቅለት ነው። ኳሱን በዋይል (while) ዑደት፣ ማለትም ሁኔታው እስካለ በሚደጋገም ኮድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ብትገፉት ጉዞውን አታዩም፤ ቀኝ ጥግ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ዌብ ወርከር የሚባል እውነተኛ ተጨማሪ ትሬድ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን የገጹን አካላት በቀጥታ መንካት አይችልም። ለአኒሜሽን ተራ ማስያዝ ይሻላል።

መጀመሪያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለብቻው ጄኔሬተር፣ ማለትም መሃል ላይ ቆሞ በኋላ መቀጠል የሚችል ፋንክሽን አድርጋችሁ ጻፉ። ጄኔሬተር በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ቋንቋው የገባ ሲሆን፣ ፋንክሽን ከሚለው ቃል ቀጥሎ የኮከብ ምልክት ተደርጎበት ይጻፋል። ዪልድ (yield) የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ኔክስት (next) የሚባለው የማስቀጠያ ትእዛዝ ሲጠራ ተለዋዋጮቹን እንደያዘ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ያንን የዋይል ዑደት አትጣሉት፤ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ዪልድ ጨምሩበት።

ከዚያ ጄኔሬተሮቹን በአንድ ዝርዝር ሰብስቡና ተራ አስከባሪ ፋንክሽን ጻፉ። ሥራው ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ በኔክስት መቀስቀስ፣ የጨረሰውን ማውጣት፣ በሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም (requestAnimationFrame፣ ስክሪኑ ሊታደስ ሲል ፋንክሽን እንዲጠራ ብራውዘሩን የሚጠይቅ ትእዛዝ) ደግሞ ራሱን ለሚቀጥለው ፍሬም፣ ማለትም ለሚቀጥለው የስክሪን እድሳት፣ ማስመዝገብ ነው። ዝርዝሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሂዱበት፤ አለበለዚያ አንዱ ሲወጣ የቀጣዩ ተራ ይዘለላል። በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ፋንክሽን የሚጠራውን ሴት ኢንተርቫልን (setInterval) ለዚህ አልመክርም፤ ከስክሪኑ እድሳት ጋር አይናበብም።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ላይ ነው። በየፍሬሙ 5 ፒክስል የሚሄድ ኳስ በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ) ስክሪን ላይ ቢያምርም በ120 ኸርዝ በእጥፍ ይሮጣል። ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም ለተራ አስከባሪው በሚሊሰከንድ የተለካ ሰዓት ይሰጠዋል። የቀድሞውን ከአዲሱ ቀንሱ፣ ልዩነቱን በኔክስት ላኩ፤ ጄኔሬተሩ ከዪልድ ተቀብሎ በፍጥነቱ ያባዛዋል። የመጀመሪያው ኔክስት የሚልከው ዋጋ ግን የትም አይደርስም፤ ጄኔሬተሩን እስከ መጀመሪያው ዪልድ ከማድረስ ያለፈ ሥራ የለውም። ተጠቃሚው ሌላ ታብ ከፍቶ ሲመለስም ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ስለሚሆን ኳሱ ከስክሪኑ ይወጣል። ከ50 ሚሊሰከንድ እንዳያልፍ ገድቡት።

ተራ አስከባሪው ማንንም በግድ አያስቆምም። በ60 ኸርዝ ሁሉም የሚካፈሉት 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ብራውዘሩም ከዚያው ላይ ይወስዳል። ከባድ ስሌት ያለበት ጄኔሬተር ካለ ስሌቱን ቆራርጣችሁ በመሃል በመሃል ዪልድ አስገቡ። እንቅስቃሴዎች ተከታትለው እንዲሄዱ ስትፈልጉ ደግሞ ዪልድ ላይ ኮከብ ጨምራችሁ አንዱን ጄኔሬተር ከሌላው ውስጥ ጥሩ፤ ውስጠኛው እስኪጨርስ ውጫዊው ይጠብቃል።