በሬስቶራንት ፒኦኤስ ላይ ማክሮ ስትቀርጹ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አርብ ነው፣ የምሳ ሰዓት። አንዲት ጾመኛ እናት በያይነት አዘዙ። የመጣላቸው አዋዜ ጥብስ ነበር። ካሸሯ የነካችው ትክክለኛውን ቁልፍ ነው። ኪችን የሠራውም በወረቀቱ ላይ የወጣለትን ነው። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ያንን ቁልፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ማክሮ ማለት ካሸር ቀኑን ሙሉ የምትደጋግመውን የቁልፍ ቅደም ተከተል አንዴ ቀርጾ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ቁልፍ ማስኬድ ነው። አንዳንዱ የፒኦኤስ (ኦርደርና ክፍያ የሚመዘገብበት ሲስተም) ሶፍትዌር ይህን ራሱ ይሠራል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ዊንዶውስ ላይ እንደ አውቶሆትኪ ያለ ነጻ ፕሮግራም ይጭናሉ። ማክሮው ኪቦርዱ ውስጥ የሚቀመጥበት የካሸር ኪቦርድም አለ። በየትኛውም ብትሠሩ ማክሮው የሚይዘው የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደተነካ ነው። በያይነትና ጥብስን አይለይም። ሲሳሳት ግን ሒሳቡ የሚጎድለው በካሸሯ ላይ ነው፤ በብዙ ቤት ጉድለት ከደሞዟ ይቆረጣል። ስለዚህ ማክሮ የምትቀርጹ ሰዎች ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ምግቡን በቀስት ቆጥሮ መምረጥ

የዚያ አርብ ስህተት ይሄ ነው። የምግቦቹ ስም ሲስተሙ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የተጻፈው፤ ዝርዝሩም በፊደል ተራ ይሰለፋል። መጀመሪያ አዋዜ ጥብስ፣ ቀጥሎ በያይነት። እኔ ስቀርጽ ቀስቱን አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ ከዚያ ኢንተር ብዬ ጨረስኩ። ለሳምንታት በደንብ ሠራ። ሐሙስ ማታ ማኔጀሩ አዲስ ምግብ አስገባ፤ አሳ ጉላሽ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አሳ ከአዋዜ ይቀድማል። ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ። ሁለተኛው ቦታ ላይ የተቀመጠው አዋዜ ጥብስ ሆነ።

በእኛ አገር ሜኑ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ረቡዕና አርብ የፍስኩን የሚደብቅ ቤት አለ። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ዝርዝሩን የሚቀይር አለ። ያለቀ ምግብ በቀን መካከል ከስክሪን ይወጣል። በቦታ የተቀረጸ ማክሮ ይህን ሁሉ አይችለውም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ምግብ ቋሚ የቁጥር ኮድ መስጠት ነው። በያይነት 204 ከሆነ፣ ማክሮው የኮድ ሳጥኑን ከፍቶ 204 ይጻፍ። ዝርዝሩ ቢገለባበጥም 204 በያይነት ነው። ምግቡ ከተደበቀም ሶፍትዌሩ የለም ይላል እንጂ ጥብስ አያወጣም። ምግብ ከሜኑ ሲወጣ ኮዱን ለሌላ አትስጡ።

ለመዳፊትም ያው ነው። ስክሪኑ ላይ በዚህ ነጥብ ጠቅ አድርግ ተብሎ የተቀረጸ ማክሮ፣ ስክሪኑ የተቀየረ ቀን ሌላ ነገር ይጫናል።

የኪቦርዱን ቋንቋ መርሳት

ይሄ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ብዙም አታገኙትም። የእኛ ካሸሮች ለኪችን ማስታወሻ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ «ቃሪያ አይግባበት»፣ «ቅቤ ይቀነስ»። ጽፈው ሲጨርሱ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይረሳሉ። ሰው ስለሚበዛባቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም እየጻፈ የሚፈልግ ማክሮ ሲነሳ፣ የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ይገባል። ሶፍትዌሩ ምንም አላገኘም። ማክሮው ግን አይቆምም። ቀጣዩ ኢንተር የት እንደሚያርፍ እግዜር ይወቅ።

እዚህም ኮዱ ያድናችኋል፤ በአብዛኞቹ የአማርኛ ኪቦርዶች ላይ ቁጥር ያው ቁጥር ነው የሚወጣው። ቁጥሩን ስትቀርጹ ግን ከፊደሎቹ በላይ ካለው ረድፍ ተጠቀሙ። በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ሰሌዳ ከቀረጻችሁ፣ ነም ሎክ (ሰሌዳው ቁጥር እንዲጽፍ የሚያደርገው ቁልፍ) የጠፋ ቀን 2 ወደ ታች ቀስት፣ 8 ወደ ላይ ቀስት ይሆናሉ።

ከመሃል መጀመር

ስትቀርጹ የጠረጴዛ ስክሪን ላይ ነበራችሁ። ካሸሯ ቁልፉን ስትነካ ግን የቀደመ ሰው ቢል ተከፍቶ ይሆናል። ማክሮው ይህን አያይም፤ ሦስት ማኪያቶ የሰው ቢል ላይ ይጨምራል። የእናንተ ሶፍትዌር ወደ ዋናው ስክሪን የሚመልስ ቁልፍ ካለው፣ የመጀመሪያው እርምጃ እሱ ይሁን። የጠረጴዛ ቁጥርን ማክሮ ውስጥ አትቅረጹ። እሱን ሰው ይጻፈው፤ ማክሮው ከዚያ በኋላ ይቀጥል።

ከጠዋቱ ፍጥነት ጋር መቅረጽ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲስተሙ ፈጣን ነው። ሰባት ሰዓት ላይ አምስት አስተናጋጅ ባንዴ ያዛል፤ ኔትወርኩም ይንቀራፈፋል። የ«ጥሬ ወይስ ለብ ለብ» መስኮት ሳይከፈት ማክሮው ምርጫውን ጽፎ ያልፋል። ውጤቱ? ለብ ለብ ያለ ክትፎ ላዘዘ ሰው ጥሬ ይመጣል። ብዙዎች በየእርምጃው መካከል የግማሽ ሰከንድ እረፍት በመጨመር ያስተካክሉታል። ይረዳል፣ ግን በጣም በተጨናነቀ ቀን ግማሽ ሰከንድም አይበቃም። መሣሪያችሁ «መስኮቱ እስኪከፈት ጠብቅ፣ ካልተከፈተ ቁም» የሚል ትእዛዝ ካለው እሱን ተጠቀሙ። አውቶሆትኪ አለው። የቆመ ማክሮ ካሸሯን ትንሽ ያዘገያታል፤ የተሳሳተ ኦርደር ግን ምግብም ሰውም ያበላሻል።

ክፍያውን ጭምር መቅረጽ

አጥብቄ የምለምነው ይሄን ነው። ማክሮው ኦርደር ያስገባ፣ እዚያው ይቁም። «ጥሬ ገንዘብ፣ ኢንተር፣ ደረሰኝ» የሚለው በሰው እጅ ይሁን።

ምክንያቱ የፊስካል ማሽናችን፣ ማለትም ሽያጩን ለግብር የሚመዘግበው የደረሰኝ ማሽን ነው። ደረሰኙ አንዴ ከታተመ ሽያጩ በማሽኑ የፊስካል ማህደር ውስጥ ይቀመጣል፤ አይሰረዝም። ማስተካከል የሚቻለው በተመላሽ ሥርዓት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ600 ብር ምግብ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 660 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 99 ብር፤ ድምሩ 759። ካሸሯ ቁልፉን በስህተት ሁለቴ ብትነካ፣ ማሽኑ ሁለት 759 ያውቃል፤ ገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚጎድለውን ማን ያስረዳል?

ዋጋም አትቅረጹ። ዋጋው ከምግቡ ኮድ ጋር ተያይዞ ከሲስተሙ ይምጣ። ማክሮው ዋጋ የሚጽፍ ከሆነ፣ ሜኑው ላይ ጨምራችሁ ማክሮውን ከረሳችሁ በአሮጌ ዋጋ መሸጣችሁን የምታውቁት ወሩ ሲያልቅ ነው።

የማኔጀር ፒን ማክሮ ውስጥ ማስቀመጥ

ማኔጀሩ ለእያንዳንዱ ቮይድ (የገባ ኦርደር መሰረዝ) መነሳት ሲሰለቸው ፒኑን ቅረጽልን ይላል። እምቢ በሉ። በብዙ መሣሪያዎች ማክሮ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ቮይድ ሁሉ በማኔጀሩ ስም ይመዘገባል። ገንዘብ የጠፋ ቀን ማን እንደሰረዘ አይታወቅም፤ ሁሉም ሰው ይጠረጠራል። ምንም ያላደረገች ልጅ በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከሥራዋ ስትወጣ አይቻለሁ። እስካሁን ይከነክነኛል።

የሚያቆም ቁልፍ አለማዘጋጀት

ማክሮው ሲስት ካሸሯ በምን ታቁመው? አንድ ቁልፍ ስጧት፣ የት እንዳለም አሳዩአት። የመረጣችሁት ማስነሻ ቁልፍ ሶፍትዌሩ ራሱ ለሌላ ነገር የማይጠቀምበት መሆኑንም አረጋግጡ። ባርኮድ ማንበቢያና የሠራተኛ ካርድ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ናቸው፤ ማክሮ እየሄደ ካርድ ከተነካ ቁጥሩ መሃል ይገባል። እንዲሁም ቅጂ ያዙ። ማክሮው ኪቦርዱ ውስጥ ከሆነ፣ ኪቦርዱ ላይ ሻይ የፈሰሰ ቀን አብሮ ይሄዳል።

ሳይሞክሩ ለሥራ ማዋል

ሶፍትዌራችሁ የልምምድ ሁኔታ ካለው እዚያ ሞክሩ። አንዴ ሠራ ብላችሁ አትተዉት። የፍስኩን ደብቃችሁ ሞክሩ። ኪቦርዱን አማርኛ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። የሌላ ጠረጴዛ ቢል ከፍታችሁ፣ የኪችን ፕሪንተር ወረቀት አውጥታችሁም ሞክሩ። ሜኑ በተነካ ቁጥር ድገሙት። እኔ አሁን ማኔጀሩ ምግብ በጨመረ ማታ፣ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ከካሸሯ ጋር እያንዳንዱን ቁልፍ እየነካን ኪችን የሚወጣውን ወረቀት እናነባለን። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።