ከመስኮት ጀርባ ያለ የዋይፋይ ካሜራ ሌሊት ነጭ ብቻ ሲያሳይ

የዋይፋይ ካሜራችሁን ከመስኮት ጀርባ ሆኖ ግቢውን እንዲቃኝ ካስቀመጣችሁት፣ ቀን ጥርት ያለው ምስል ሲመሽ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ካሜራው አልተበላሸም፤ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። በሌንሱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ፤ ያ ብርሃን ከመስታወቱ ነጥሮ ይመለስና ሌንሱን ያሳውረዋል።

በስልካችሁ መተግበሪያ የኢንፍራሬድ መብራቱን አጥፉ። ለብቻው ማጥፋት ካልተቻለ የሌሊት ዕይታውን በሙሉ ዝጉት። ከዚያ የውጭውን አምፖል አብርታችሁ እደሩ፤ የበረንዳ መብራት ለአብዛኛው ግቢ ይበቃል። ሌንሱን መስታወቱን እስኪነካ አስጠጉት፤ የክፍሉንም መብራት አጥፉ፤ አለበለዚያ በሰው ፊት ፋንታ የራሳችሁን ሶፋ ነጸብራቅ ታያላችሁ።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ የውጭው አምፖል ሲጠፋ ካሜራው ጨለማ ብቻ ይቀርጻል። እዚያ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የግቢ መብራት ይሻላል። እንቅስቃሴን በሰውነት ሙቀት የሚለይ ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ ማስጠንቀቂያ አይልክላችሁም፤ መስታወት ያንን ሙቀት አያሳልፍምና ውጭ ስቀሉት።