የኦደርንና የናይሰን ድንበር እንደገና ለማስመር፦ ለታሪክ መምህራን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ድንበር ማስተማር ስፈልግ ከራሳችን አልጀምርም። የራሳችንን ወሰን ካነሣሁ ተማሪው ማስረጃ ከማየቱ በፊት ወገን ይይዛል፤ የጀርመንንና የፖላንድን ካነሣሁ ግን «ለምን እዚያ ጋ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኦደርና በናይሰ ወንዞች ላይ የተሰመረው ያ ድንበር በሌላ መንገድ ሊሰመር ይችል እንደ ነበር በክፍል ውስጥ የማሠራው እንደሚከተለው ነው። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1937ን ካርታ በሰፊ ወረቀት ላይ ቅዱ። ወንዞቹን ብቻ በሰማያዊ ሣሉ፦ ኦደርን፣ ቪስቱላን፣ ቡግን፣ ሁለቱን ናይሰዎች። ድንበሩን በእርሳስ አታስምሩት። እኛ ዘንድ የመንዝ በግ ጠጉር ፈትል አይጠፋም፤ ጥቁሩን ለፖላንድ ምሥራቅ፣ ነጩን ለምዕራቧ አድርጉና በስፒል ያዙት። ልጅ በእርሳስ ያሰመረውን መስመር የሙጥኝ ይላል፤ ፈትል ግን ያለ ጭቅጭቅ ይነሣል። ከዚያ ምስር አምጡ፤ አንድ ፍሬ 100,000 ሰው ይሁን። ከኦደርና ከምዕራቡ ናይሰ በስተ ምሥራቅ በነበረው የጀርመን ግዛት ከጦርነቱ በፊት ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ከ90 ፍሬ በላይ መሆኑ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ነጩን ፈትል የሚገፋ ተማሪ ምስሩንም በገዛ እጁ እየለቀመ ያሻግራል።

ልጆቹ ሁልጊዜ ከምዕራቡ መጀመር ይፈልጋሉ። አትፍቀዱላቸው፤ ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ጥቁሩ ነው። በ1943 መጨረሻ በቴህራኑ ጉባኤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በሦስት የክብሪት እንጨቶች ፖላንድ ወደ ምዕራብ እንዴት እንደምትገፋ ለሶቪየቱ መሪ ለስታሊን አሳይቶታል። እናንተም በሦስት ክብሪት አሳዩ፤ አንዱ ሲገፋ ሦስቱም ይሄዳሉ። በየካቲት 1945 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት ያልታ ላይ ተሰብስበው የከርዘን መስመር (ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፖላንድና በሶቪየት መካከል እንዲሆን ታስቦ የነበረው ወሰን)፣ አልፎ አልፎ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ለፖላንድ እየተተወ፣ ምሥራቃዊው ድንበር እንዲሆን ተስማሙ። ፖላንድ በምሥራቅ ወደ 180,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አጥታ በሰሜንና በምዕራብ ወደ 100,000 አገኘች።

የመጀመሪያው አማራጭ እዚህ ጋ አለ። የከርዘን መስመር በጋሊሲያ በኩል ሁለት ዓይነት ነበረው፤ አንዱ ልቮፍን፣ የዛሬዋን የዩክሬን ከተማ ልቪቭን፣ ለፖላንድ ይተዋል። ይህን የመረጠ ቡድን ሁለት ነገር ይመልስ። ቀይ ጦር፣ ማለትም የሶቪየት ጦር፣ ከተማዋን በሐምሌ 1944 ይዟል፤ ማን ያስለቅቀዋል? ከተማው ውስጥ ፖላንዳውያን ቢበዙም ዙሪያው ገጠር በብዛት ዩክሬናውያን ነበሩበት፤ እነሱስ?

አሁን ነጩን አንሡ፤ ጊዜያችሁን ብዙውን እዚህ ላይ አውሉት። ናይሰ የሚባሉት ወንዞች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ኦደር ይገባሉ፤ በመካከላቸው ወደ 200 ኪሎ ሜትር አለ። ታችኛው ሲሌዥያና የቫውብዢህ የድንጋይ ከሰል ያሉት እዚያ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ በምሥራቁ ናይሰ መቆም ይሻላቸው ነበር፤ ስታሊን ምዕራቡን አለ። በ1945 በፖትስዳሙ የሦስቱ ኃያላን ጉባኤ ላይ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በርንስ ጉዳዩን ጀርመን ከምትጠየቀው የጦር ካሣና ከጣሊያን ጉዳይ ጋር አንድ ላይ አስሮ ምዕራቡን ናይሰ ተቀበለ። ድንበሩ በሌላ መንገድ ሊሄድ ከተቃረበባቸው ጊዜያት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፤ የካሣው ክርክር በሌላ መንገድ አልቆ ቢሆን ነጩ ፈትል የት ይቆም እንደ ነበር ተማሪዎቹ በዝርዝር ይከራከሩበት።

ፈትሉን በምሥራቁ ናይሰ ላይ ስትዘረጉት ወደ ብሬስላው፣ ወደ ዛሬዋ ቭሮትስዋፍ፣ አስጠጉት። የከተማዋ አሮጌ ክፍል ከኦደር በስተ ግራ ነው፤ ስለዚህ ወንዙን የተከተለ ፈትል ከተማዋን ይቆርጣል። አንዲት ተማሪዬ ጣቷን ፈትሉ ላይ አድርጋ «ድልድዩ ላይ የሚቆመው የማን ፖሊስ ነው?» አለችኝ። ጌርሊትዝን አሳየኋት፤ እዚያ የሆነው ይኸው ነው፣ በወንዝ ማዶ ያለው ክፍል ዝጎዤሌትስ ተብሎ የፖላንድ ሆኗል። «ወንዝ እኮ የተፈጥሮ ድንበር ነው» የሚል ተማሪ ካለ በረሳን ጥቀሱለት፤ በከተማችን ያልፋል፣ የወዲህና የወዲያ ማዶው ሰው ግን ገበያው አንድ ነው።

ሽቴቲንም፣ የዛሬዋ ሽቼቺን፣ ለዚህ ይጠቅማል። ዋናው ከተማ ከኦደር በስተ ምዕራብ ሆኖ ሳለ በሐምሌ 1945 ለፖላንድ ተሰጠ። ወንዙን በጥብቅ የተከተለ መስመር ለጀርመን ይተወው ነበር፤ ያኔ ግን የሲሌዥያ ከሰል በኦደር ተጭኖ የሚወርድበት ወደብ በሌላ አገር እጅ ይሆናል። ምሥራቅ ፕሩሲያን በአጭሩ እለፉት፤ ዋና ከተማውን ኮኒግስበርግን ስታሊን ለራሱ ፈልጎ ነበር፣ የተከራከረውም እምብዛም ነው።

ምስሩ ሲሻገር ክፍሉ ዝም ይላል። ዝምታውን በንግግር አትሙሉት፤ ይልቅ ብዙዎቹ ከፖትስዳም በፊት፣ በ1945 መጀመሪያ በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ ቀይ ጦርን ሸሽተው እንደ ወጡ ንገሯቸው። ከምሥራቅም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፖላንዳውያን ወደዚያው መሬት መጥተዋል፤ ለእነሱም ምስር አስቀምጡ።

በመጨረሻ ለየቡድኑ አንድ ዓመት ስጡ። ፖትስዳም መሬቱን በፖላንድ አስተዳደር ሥር ያደረገው የመጨረሻው የሰላም ስምምነት እስኪደረስ ነበርና በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ ክፍት ቆይቷል። ምሥራቅ ጀርመን በ1950 ዝጎዤሌትስ ላይ፣ ምዕራብ ጀርመን በ1970 ዋርሶ ላይ፣ የተዋሐደችው ጀርመን ኅዳር 14 ቀን 1990 ፈረሙ። እያንዳንዱ ቡድን በዓመቱ ድንበሩን መቀየር ይቻል እንደ ነበር፣ ማን እንደሚፈርም፣ ስንት ምስር እንደሚነሣ ያስረዳ። 1970 የደረሰው ቡድን እዚያው ተወልደው ያደጉትን ፖላንዳውያን ልጆች መቁጠር ስላለበት ከሌሎቹ ይከብደዋል፤ ለሱ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ያዙለት።