ኤክስፖርት ስታደርጉ የቪዲዮው ከለር እንዳይቀየርባችሁ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኤዲት ሲደረግ የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ፣ ጥለቱም ደማቅ ነበር። ኤክስፖርት ሆኖ ሲከፈት ግን ጥለቱ ፈዟል፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍም አመድ መስሏል።

ብዙ ሰው ወዲያው ተመልሶ ኮንትራስት ይጨምራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ አፍዝዞ ያሳያችሁ ማጫወቻው ነው። ያ ኮንትራስት የተጨመረበት ቪዲዮ ደንበኛው ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት ሱፉ ድብን ብሎ ይጠቁራል፣ ጠይም ፊትም አብሮ ይጨልማል።

መጀመሪያ ስክሪናችሁን አስተካክሉ። ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው ናይት ላይት ይጥፋ። ከለር የሚያደምቅ ሞድ ካለ ወደ መደበኛው መልሱት።

ቀጥሎ የታይምላይኑን ከለር ሬክ 709 አድርጉት። የኤችዲ ቪዲዮ ስታንዳርድ እሱ ነው። እዚህ ላይ ስልክ ያስቸግራል። አይፎን ከ12 ጀምሮ በኤችዲአር፣ ማለትም ከሬክ 709 ሰፋ ባለ የብርሃንና የከለር መጠን ይቀርጻል። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል በስልክም በካሜራም ቀርጻችሁ ብትቀላቅሉ፣ የስልኩ ሰማይ ነጭ ሆኖ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት ከካሜራ ሴቲንግ ኤችዲአር ቪዲዮን አጥፉ። ከተቀረጸ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሬክ 709 ቀይሩት፣ ከዚያ ከለር ሥሩ።

ኤክስፖርት ላይም ያው ሬክ 709 ይመረጥ። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ፣ የጥቁርና የነጭ ወሰን የሚመረጥበትን ዳታ ሌቭል አውቶ ላይ ተዉት። ብርሃኑ በቁጥር ሲለካ በቪዲዮ ጥቁር ከ16 ይጀምራል፣ ነጭ 235 ላይ ያበቃል። በኮምፒውተር ስክሪን ግን ከ0 እስከ 255 ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተምታቱ ምስሉ ወይ ይፈዛል፣ ወይ ደግሞ የነጠላው ክሮች ሳይለዩ አንድ ነጭ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበውን የዳታ መጠን፣ ቢትሬቱንም አትቆጥቡ። ዩቲዩብ ለ1080ፒ በ30 ፍሬም 8 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። ከዚያ በጣም ከወረደ ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የቀረጻችሁት ሰማይ በመስመር በመስመር ይከፋፈላል።

ዋናው ሥራ አሁን ነው። የወጣውን ፋይል መልሳችሁ ወደ ፕሮጀክቱ አስገቡ። ከዋናው ቪዲዮ በላይ ባለው ትራክ አስቀምጡና እያበራችሁ እያጠፋችሁ አወዳድሩ። ዓይን ይታለላልና የብርሃኑን መጠን በግራፍ የሚያሳየውን ዌቭፎርም ክፈቱ። ግራፉ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ኤክስፖርቱ ላይ ነው፤ ወደ ሬክ 709ና ወደ ዳታ ሌቭሉ ተመለሱ። ካልተንቀሳቀሰ ፋይሉ ደህና ነው፣ አትንኩት።

ማክ የምትጠቀሙ በተለይ ልብ በሉ። የማክ ማጫወቻ የሆነው ኩዊክታይም ሬክ 709ን የሚያነብበት ጋማ (የመካከለኛውን ብርሃን ድምቀት የሚወስነው ቁጥር፤ ሲያንስ ምስሉ ይፈዛል) 1.96 አካባቢ ሲሆን ቴሌቪዥን ግን ወደ 2.4 ይጠጋል። ፈዞ የሚታየው ለዚህ ነው። አዲሱ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ፕሪሚየር የማሳያውን ጋማ ከ1.96፣ ከ2.2 እና ከ2.4 ያስመርጣል። ለዩቲዩብና ለስልክ 2.2፣ ለቴሌቪዥን 2.4 ላይ አድርጋችሁ ሥሩ።

ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨመቃል። ሙሉውን ሠርግ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ሱፍና ፊት ያለበትን 30 ሰከንድ ብቻ አውጡ። እሱን በሁለት የተለያዩ ስልኮችና በአንድ ቴሌቪዥን እዩት። የቴሌቪዥኑን ምስል ሲኒማ ሞድ ላይ ማድረግ አትርሱ።