ኤቲ ጎማ (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነውን) ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አንብቡ

ጎማ ሻጭ ፊት ቆማችሁ «ለፎር ዊል የሚሆን ጎማ ስጠኝ» ካላችሁ፣ የሚሰጣችሁ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ነው የተሸወድኩት። ለሃይሉክሴ ጥርሱ የሚያስፈራ፣ ጎኑ ላይ በነጭ ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ጎማ ገዛሁ። አራቱንም። ያምር ነበር። ጎረቤቶቼ መኪና የቀየርኩ መሰላቸው። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳጠማዝዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቀው ጀመር። አስፋልት ላይ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ቆይቼ ሳየው ደግሞ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ሁሉም ነገር ጎኑ ላይ ተጽፎ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

1. መንገዳችሁን ሳትዋሹ ቁጠሩ

ያለፉትን ስድስት ወራት አስቡ። ከነዳችሁት ውስጥ ስንቱ አስፋልት ነበር? ስንቱ ኮረኮንች? ስንቱ ጭቃ? የብዙዎቻችን ልብ ኦሞ ነው ያለው። መኪናችን ግን ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ነው የሚመላለሰው።

የፎር ዊል ጎማ በሦስት ይከፈላል። ኤችቲ የሚባለው ለአስፋልት ነው። ጥርሱ የተጠጋጋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚያስተማምን ነው። ኤምቲ ለጭቃ ነው። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ነው፤ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅም ይበላል። ኤቲ በሁለቱ መሃል ነው። መሃል ስለሆነም በሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ ያጎድላል።

መንገዳችሁ ከሞላ ጎደል አስፋልት ከሆነና በዓመት አንዴ ገጠር ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ፣ ኤችቲ ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን አትጣሉ። በየሳምንቱ ጠጠርና ኮረኮንች የምትረግጡ ከሆነ ግን ኤቲ የእናንተ ነው።

ስለ ዋልካ ለብቻው ልናገር። የጋምቤላን ወይም የበቾን ጥቁር አፈር በክረምት የነዳበት ሰው ያውቀዋል። ኤቲ ጎማ ጥቂት ዙር ሳይዞር በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ጎማው የተላጨ ራስ ነው። ኤምቲ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋዋል፤ እሱም ሁልጊዜ አይሳካለትም። ለዋልካ ከጎማ ይልቅ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለትም ይልቅ ፀሐይ ይሻላል። ሻጩ «ይሄ ኤቲ ዋልካ ላይ ይበራል» ካላችሁ ፈገግ በሉና እለፉ።

ድንጋይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አፋር ውስጥ ወደ ኤርታሌ ስትጠጉ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው። እዚያ የሚጎዳው ጥርሱ ሳይሆን የጎማው ጎን ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ተለጥፎ አይድንም፤ ያው መጣል ነው። ስለዚህ ድንጋያማ መንገድ የምታዘወትሩ ከሆነ የጎኑን ንብርብር ተመልከቱ። ብዙ ጎማ ላይ በትንንሽ ፊደል የፊቱና የጎኑ ንብርብር ለየብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ጎኑ ሁለት ንብርብር ያለው አለ፣ ሦስትም ያለው አለ። ሦስቱን ምረጡ።

2. የሾፌሩን በር ክፈቱ

በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የመኪናው ትክክለኛ የጎማ ልክና የንፋስ መጠን እዚያ ተጽፏል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አሁን የታሰረው ጎማ ላይ ያለውን ልክ ብቻ አትመኑ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንዳሰረ ማን ያውቃል?

3. ቁጥሮቹን አንብቡ

ለምሳሌ 265/65 አር 17 የሚለውን እንውሰድ። ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ በብዛት የሚታይ ልክ ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው። አር ራዲያል መሆኑን፣ ማለትም የውስጥ ክሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ መሆኑን ይናገራል። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው።

«ትንሽ ከፍ ይበል» ብላችሁ 265/70 አር 17 ብታስሩ የጎማው ዙሪያ ከ3 በመቶ በላይ ያድጋል። ዳሽ ቦርዱ 100 ሲያሳያችሁ እውነተኛው ፍጥነታችሁ 103 ገደማ ነው። መኪናው ሲነሳ ይከብደዋል፣ ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። የእኔ ጣጣ ይኸው ነበር። ከመኪናው ሥር የምታገኙት ተጨማሪ ከፍታ ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ጣት እንኳን አይሞላም።

ከልኩ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። 112 ኤስ እንበል። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 115 ከሆነ 1,215 ኪሎ፣ 121 ከሆነ 1,450 ኪሎ። ኤስ ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው ነው፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር። ኪው 160፣ አር 170፣ ቲ 190 ነው። ፍጥነቱ ብዙም አያሳስበን፣ መንገዱም አይፈቅድም። የክብደቱ ቁጥር ግን ወረቀቱ ላይ ካለው በፍጹም ማነስ የለበትም።

ከልኩ ፊት ኤልቲ የሚሉ ፊደላት ካሉ ጎማው ለጭነት የተሠራ ነው። እዚህ ጋ ያ የተለመደ ጥያቄ ይመጣል፤ «ስንት ፕላይ ነው?» ሲ የሚለው ባለ 6፣ ዲ ባለ 8፣ ኢ ባለ 10 ፕላይ ይባላል። ድሮ ቁጥሩ የእውነት የንብርብር ብዛት ነበር። ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ ነው እንጂ ባለ 10 ፕላይ ጎማ ውስጥ አሥር ንብርብር የለም።

ኤልቲ ለሁሉም ሰው ነው ወይ? አይደለም። ፒካፓችሁ በየጊዜው ጭነት የሚጭን ከሆነ፣ ወይም ጣሪያው ላይ ጄሪካንና ድንኳን ተሸክማችሁ ሩቅ አገር የምትወጡ ከሆነ ኤልቲ ያዋጣል። ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ፕራዶ ግን ጠንካራ ነው፤ እያንዳንዷን ጉድጓድ ወገባችሁ ይቆጥራታል። ደግሞም ኤልቲ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ይህን ሳያውቁ በድሮው መጠን የሚነዱ ብዙ ናቸው።

ስለ ስም ከጠየቃችሁኝ፣ ቢኤፍ ጉድሪች፣ ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ቶዮ፣ ኩፐር ሁሉም ኤቲ ይሠራሉ። ግን ስሙ አንድ ሆኖ በአንዱ ልክ ኤልቲ፣ በሌላው ልክ ተራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጓደኛችሁ ያመሰገነው ጎማ የእናንተ ልክ ላይ ያው ጎማ ላይሆን ይችላል።

ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በመሃሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ካያችሁ ለበረዶ የተፈተነ ነው ማለት ነው። ዴንቨር ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላይ ግን ለእሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

4. የልደት ቀኑን ፈልጉ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነም አስተውሉ

እኛን አገር ሰው የሚያስተው እዚህ ጋ ነው።

ጎኑ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ በሚሉ የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም ኮድ አለ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ዓመቱ ናቸው። 2617 ቢል በ2017 በ26ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ሻጩ «ያው 2017 ነው፣ ትኩስ ነው!» ሊላችሁ ይችላል። ሊያታልላችሁ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ግን ያ 2017 የፈረንጅ ነው። በእኛ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ማለት ነው። ትኩስ ብላችሁ የገዛችሁት ጎማ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቷል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሳምንቱ እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 7።

ኮዱ በአንዱ ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ በሌላው በኩል ቁጥሮቹ የሌሉበት ጎማ አለ። ጎንበስ ብላችሁ በሁለቱም በኩል ፈልጉ። አምስቱንም ጎማ አንድ በአንድ እዩ። ሁለት ዓመት የሞላው ጎማ በጥላ ቦታ ከቆየ ችግር የለውም። አምስት ዓመት ያለፈውን «አዲስ» ግን አልገዛም። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ማስመርመር፣ አሥር ሲሞላው ጥርሱ ቢኖርም መጣል የተለመደ የአምራቾች ምክር ነው። ከዱባይ በመጣ መኪና ላይ ያለውም ጎማ ከዚህ አያመልጥም። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አትደሰቱ። ፀሐይና ሙቀት ላስቲክን ያደርቃሉ። ጎኑን አጠፍ አድርጋችሁ እዩ፤ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ከሆነ ተዉት።

5. አራቱንም፣ ከነስኮርታው

ፎር ዊል መኪና የተለያየ ጎማ አይወድም። በተለይ እንደ ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳ ከሆነ፣ ፊትና ኋላው የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ መሃል ያለውን ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ያሠራዋል። ልኩም፣ ዓይነቱም፣ የጥርሱ ቁመትም ይመሳሰል።

አቅም ካልፈቀደና ሁለት ብቻ ከገዛችሁ አዲሶቹን ኋላ እሰሩ። ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚያስረው፤ እርጥብ መንገድ ላይ ግን ኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞርባችኋል፣ መመለሱም ከባድ ነው።

ስኮርታው ያው ልክ ይሁን። ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ያዙ።

ሃርድ ቶፕ ያላችሁና ጎማው ካላማዳሪ ያለው ከሆነ፣ «ዘመናዊ አይደለም» የሚላችሁን ሰምታችሁ ቶሎ አትጣሉት። የትም ገጠር ያለ ጎሚስታ ይለጥፍላችኋል። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ደግሞ ሚስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ሳይፈታም ሊደፈን ይችላል። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ጎኑ የተቀደደ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ከትቶ መሸጥ ነው።

6. ማሰር፣ ባላንስ፣ ንፋስ

ሲታሰር ባላንስና አላይመንት አሠሩ። አላይመንቱ የተዛባ መኪና አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ በጥቂት ወር ይጨርሳል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብላችሁ ንዱ፤ አዲስ ጎማ ፊቱ ያንሸራትታል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ወደ ሰመራ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 3 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ያንኑ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቀትር ላይ ብትለኩ ምንም ያልተለወጠ ይመስላችኋል። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ለኩት፤ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ኮረኮንች ላይ ጭነት ከሌላችሁ ጥቂት ፒኤስአይ ቀንሱ፤ ጎማውም ወገባችሁም ያመሰግናል። አሸዋ ላይ እስከ 18 ድረስ ይወረዳል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል። አስፋልት ስትወጡ መልሳችሁ ሙሉት። ለዚህ ከመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ግዙ። ከክሪኩ ጎን ትቀመጥ።

አሮጌዎቹን ጎማዎች ጎሚስታው ጋ ጥላችሁ አትሂዱ። ከመሃላቸው ደህናውን ለሁለተኛ ስኮርታ አስቀሩ። የቀሩት ለበረባሶ ይሆናሉ።